የኡሪ ጥያቄ

ሲስተር ብርነሽ ተወልዳ ያደገችው ጂንካ ነው። አያቷ ከመንዝ በወታደርነት መጥተው እዚያው የቀሩ ሰው ሲሆኑ፣ አባቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ በጸሐፊነት አገልግለዋል። አዋላጅ ነርስ ሆና ስትመረቅ ቤተሰቡ ሁሉ ከእናቷ ቤት እየተመላለሰች ከተማ ውስጥ ትሠራለች ብሎ ነበር የጠበቀው። ዕጣው ግን ወደ ሐመር ቆላ ወረወራት፤ ከቱርሚ ወዲያ፣ ከአሸዋማው ወንዝ ማዶ ወዳለች ባለ ሁለት ክፍል ጤና ጣቢያ። "ትንሽ ሠርተሽ ትቀየሪያለሽ" ተባለች። ዓመት ዓመትን እየተካ ሄደ፣ ቅያሬ የሚባል ነገር ግን አልመጣም። ኋላ ላይ እሷም መጠየቁን ተወችው።

ወንዙ አብዛኛውን ጊዜ ወንዝ አይመስልም። ሰፊ የአሸዋ ሜዳ ነው። ፍየል ይሻገረዋል፣ አይሱዙ ይሻገረዋል፣ ሴቶች አሸዋውን ቆፍረው ውሃ ይቀዱበታል። የዝናብ ወራት ሲመጣ ግን ሌላ ነው። ዝናቡ የሚጥለው እዚያ አይደለም፤ ላይ፣ ተራራው ላይ ነው። ቆላው በፀሐይ እየነደደ ሳለ ደራሽ ውሃ ግንድ እያንከባለለ ይመጣና ወዲህና ወዲያውን ይለያያል። አንዳንዴ ቶሎ ይጎድላል፣ አንዳንዴ ያድራል። ብርነሽ ከመጣች ጀምሮ በምትልከው ሪፖርት ሁሉ ግርጌ ላይ "የእግረኛ ተንጠልጣይ ድልድይ ቢሠራልን" እያለች ትጽፍ ነበር። አንድም ቀን መልስ አግኝታ አታውቅም።

ኡሪ የሞተችው በሁለት ሺህ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ በሚያዝያ ወር ነው።

ጧት እቤቷ ወልዳ፣ እንግዴ ልጁ አልወጣ ብሎ ደም ይፈሳት ነበርና ባሏ ኦይታና ወንድሞቹ በቁርበት ተሸክመው ቀትር ላይ አመጧት። ብርነሽ የምታውቀውን ሁሉ አደረገች። መርፌ ወጋች፣ ግሉኮስ ሰቀለች፣ እጇን አስገብታ እንግዴ ልጁን ለማላቀቅ ታገለች። ደሙ ቀነሰ እንጂ አልቆመም። ሴትዮዋ ደም ወደምታገኝበት ቦታ መድረስ ነበረባት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ኤሊ ኔትወርክ ወደሚገኝበት ጉብታ ሮጣ ወጥታ ቱርሚ ደወለች፤ አምቡላንሱም ሳይዘገይ ተነሣ። ኡሪን ተሸክመው ወንዙ ዳር ሲደርሱ መኪናው በወዲያኛው ዳር ቆሞ አገኙት። በመካከል ግን ውሃው ቀድሟቸው ነበር።

ሾፌሩ ወርዶ እጆቹን ወደ ላይ ዘረጋ። ምን ላድርግ ማለቱ ነው። ፊቱ እንኳ በደንብ ይታያል፤ ግን የሚለው ነገር በውሃው ጩኸት አይሰማም። ኦይታ ሁለት ጊዜ ሊገባ ሞከረ፤ ሁለቴም ወንድሞቹ ጎትተው አወጡት። ኤሊ ሌላ መሻገሪያ ቢገኝ ብላ ከሽማግሌዎቹ ጋር ወደ ላይ ሄደች። ብርነሽ ከኡሪ ጋር ከግራር ጥላ ሥር ቀረች።

ኡሪ ዓይኗን ከእሷ ላይ አልነቀለችም። አንዲት አጭር ነገር እየደጋገመች ትናገራለች። ብርነሽ ከሐመርኛ የምታውቀው "ግፊ"፣ "ተንፍሺ"፣ "የቱ ጋ ነው የሚያምሽ" የሚለውን ነው። ይህኛው ከእነዚያ ውስጥ አልነበረም። ሕመሙ ነው የሚያናግራት ብላ አሰበች። እጇን ይዛ፣ ፈገግ ለማለት እየሞከረች፣ ራሷን በአዎንታ እየነቀነቀች "አይዞሽ እህቴ፣ አይዞሽ" ትላታለች። ኡሪ ትንሽ ዝም ትልና መልሳ ያንኑ ትላለች። ጥላው ወደ ምሥራቅ ሲዞር ድምፅዋ እየሳሳ ሄዶ ቆመ።

ኤሊ ስትመለስ ብርነሽ ገና እጇን አልለቀቀችም ነበር።

"ምን ነበር የምትለው?" ብላ ጠየቀቻት። ድምፁን እንደሰማችው አድርጋ ደገመችላት።

ኤሊ አሸዋው ላይ ቁጭ አለች። "ውሃ ጎደለ ወይ ነው ያለችው፣ ሲስተር። ውሃው ጎደለ ወይ? ሌላ ነገር የለውም።"

ብርነሽ ከዚያ ቀን በኋላ ራሷን የምትጠይቀው አንድ ነገር ነበር። ያኔ ራሷን ስትነቀንቅላት ኡሪ ምን ተረድታ ይሆን? አዎ፣ ጎድሏል የምትላት መስሏት ይሆን? ተስፋ አድርጋ ይሆን? ይህንን የሚነግራት ሰው የለም።

በጥቅምት አንድ ቀን ጉብታው ላይ ወጥታ ሳለ ከወረዳው ተደወለላት። ኅዳር ላይ ጂንካ ውስጥ የእናቶች ጤና ጉባኤ አለ፣ ከየወረዳው አንድ ባለሙያ ይናገራል፣ አንቺ ተመርጠሻል፣ ጊዜሽ አጭር ነው አሏት። ብርነሽ እንዲህ ያለ ጉባኤ ታውቃለች። ከኋላ ወንበር ተቀምጣ አይታዋለች፦ ተናጋሪው ወረቀቱ ላይ ያቀረቅራል፣ አዳራሹ ስልኩ ላይ ያቀረቅራል፣ ሁሉም የሚነቃው ምሳ ሲባል ነው። በዚህኛው ግን ከበላይ ኃላፊዎች ይመጣሉ ተብሏል። በጀት የሚፈርሙ ሰዎች ማለት ነው።

ለፈቃድ ጂንካ በወጣች ጊዜ ወደ ጋሽ ሸዋንግዛው ቤት ሄደች። ሁለተኛ ደረጃ ሳለች አማርኛ ያስተማሯት ሰው ናቸው። በበዓል ቀን መድረክ የሚመሩት እሳቸው ነበሩ፤ ያለ ድምፅ ማጉያ ሜዳውን ጸጥ ያሰኙ ነበር ይባላል። አሁን ጉሮሯቸውን ታመው፣ ድምፃቸው ተሟጥጦ፣ ከአሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ካለች ቤታቸው በረንዳ ላይ ብርድ ልብስ ደርበው ይውላሉ።

"እስቲ የጻፍሽውን አንብቢልኝ" አሏት በሹክሹክታ።

"ክቡራን እንግዶች፣ ክቡራትና ክቡራን የጉባኤው ተሳታፊዎች፣ በቅድሚያ በዚህ ታላቅ መድረክ ላይ..."

እጃቸውን አነሡ። "በቃ። አጣሻቸው።"

"ገና አልጀመርኩም እኮ ጋሼ!"

"እነሱ ግን ጨርሰዋል። ይህንን ከመቶ ሰው አፍ ሰምተውታል፤ አንቺ ስትጀምሪው መጨረሻውን እዚያው ያውቁታል። ስሚኝ ልጄ። ሰላምታ አትስጪ፣ ስምሽንም አትናገሪ። ምሳ በልተሽ ጋደም ስትዪ መጥቶ ደረትሽ ላይ የሚቀመጥ ነገር አለ? ካለ ከእሱ ጀምሪ።"

"አለ" አለች ብርነሽ።

"በዪ እሱን ተናገሪና ዝም በዪ። ዝም ስትዪ አዳራሹ ይጨነቃል፤ አንቺም ትጨነቂያለሽ። ግን ቀድመሽ አትናገሪ። ከዚያ በኋላ የምትዪውን ሁሉ ይሰሙሻል።"

ወደ ቆላ ስትመለስ መንገዱን ሙሉ ስታስብ ነበር። አልዱባ ገበያ ቆሞ ስለነበር አይሱዙው ሰው እስኪጭን ብዙ ቆየ። እሷ ጋቢና ውስጥ ተቀምጣ ያቺን አጭር ቃል በከንፈሯ ትሞክራለች። እንደደረሰች ኤሊን ጠርታ አሳቧን ነገረቻት፦ ኡሪ ያለችውን በሐመርኛ፣ ልክ ኡሪ እንዳለችው ብላ ንግግሯን መጀመር ትፈልጋለች።

ኤሊ የሐመር ልጅ ናት፤ አማርኛን የተማረችው ትምህርት ቤት ነው፤ ስትቆጣ ቃላቱ ይቆራረጡባታል።

"የሞተ ሰው ቃል ነው፣ ሲስተር። ለማን ነው የምትሰጪው?"

"ድልድይ ለሚሰጡን ሰዎች።"

"ይሰጣሉ?"

"ከሰሙን ይሰጣሉ። እስከዛሬ ያልሰጡት ስላልሰሙን ነው።"

"እኔ አልችልም። ኦይታን እንጠይቅ።"

ኦይታ ከቤቱ ደጅ ትንሿ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ነበር። ኡሪ የወለደችው ልጅ በኦይታ እህት ጭን ላይ ሆኖ የፍየል ወተት ይጠጣል። ኤሊ ስትነግረው ሳያቋርጥ አዳመጠ። ከዚያ ረጅም ንግግር ተናገረ፤ ሲናገር ወደ ብርነሽ አንዴም አላየም።

"ድልድይ የሚያመጣ ከሆነ ውሰጂው ይላል" አለች ኤሊ። "ስሟን ግን አትጥሪ ይላል።"

"ሌላስ? ብዙ ነገር ተናገረ እኮ።"

"ሌላው ለኔ ነው።"

ከዚያ በኋላ ሥራ ሲቀዘቅዝ ኤሊ ታለማምዳት ጀመር። ብርነሽ ቃሉን ጠንከር አድርጋ ስትለው ኤሊ ራሷን ትወዘውዛለች። "እንደሱ አይደለም። ያን ቀን ወንዙ ዳር ስትደግሚልኝ ለስለስ አድርገሽ ነበር። ልጅ እናቱን እንደሚጠይቅ።" ብርነሽ ትደግማለች። አንድ ቀን በትክክል ስትለው ኤሊ ተነሥታ ወደ ውጭ ወጣች፤ ያን ቀን ዳግመኛ ሐመርኛ አላስተማረቻትም።

የጉባኤው ዕለት አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ከብርነሽ በፊት የተናገሩት ሁሉ በክቡራን ጀምረው በአመሰግናለሁ ጨረሱ። ሰዉ በስልክ ይላላካል፣ የውሃ ፕላስቲክ ይንኮሻኮሻል፣ ከፊት ረድፍ ያሉት እንግዶች እርስ በርስ ይንሾካሾካሉ። ስሟ ሲጠራ ወጣች።  ማይኩን ያዘች፣ ሰላምታ አልሰጠችም፣ ስሟንም አልተናገረችም። ያንን ቃል ለስለስ አድርጋ ተናገረችና ዝም አለች።

አንዳንዱ ቀና አለ። አንዱ ከኋላ ሳቀ። እንደገና አለችው። አሁን ስልኮች ወረዱ። በስተቀኝ ካሉት ወንበሮች መካከል አንድ የሐመር ሽማግሌ ገብቷቸው ብድግ አሉና ምን እንደሚያደርጉ ስላላወቁ ቆመው ቀሩ። ብርነሽ ለሦስተኛ ጊዜ ተናገረች።

"አልገባችሁም አይደል?" አለች በመጨረሻ በአማርኛ። "እኔም አልገባኝም ነበር። አንዲት የወለደች እናት ይህንን እየጠየቀችኝ እጄ ላይ ሞተች። እኔ አይዞሽ እላታለሁ። እሷ የምትጠይቀኝ ግን ሌላ ነበር። ውሃው ጎደለ ወይ? ነበር የምትለው።"

 ከፊት ረድፍ የተቀመጠች አንዲት ሴት ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። ብርነሽ በሕይወቷ ያን ያህል ሰው እንዲህ አተኩሮ አይቷት አያውቅም። ከዚያ በኋላ ስለ ወንዙ ተናገረች፤ ድልድዩ የት ላይ ቢተከል እንደሚሻል፣ በማዶ ስንት መንደር እንዳለ፣ ከኡሪ በፊት በዚያው ዳር ስለቀሩት እናቶች ሁሉ። ሰዓቷ ሳያልቅ ጨረሰች። ጭብጨባው ቶሎ አልበረደም። ጉባኤውን የሚመሩት አቶ ተፈሪ ከወንበራቸው ተነሥተው፣ "እህታችን አስለቀሰችን! ይህ ጥያቄ ምላሽ ያገኛል፤ እኔ ራሴ እከታተለዋለሁ!" ሲሉ እንደገና ተጨበጨበ። ምሳ ላይ የማታውቃቸው ሰዎች ትከሻዋን እያቀፉ ፎቶ ተነሱ። ሲቀርጿት የነበሩ ልጆችም ቪዲዮውን በየስልኩ ይላላኩት ጀመር።

ማታውን ለኤሊ ደወለችላት።

"ሰሙኝ ኤሊ! እያለቀሱ ነው የሰሙኝ።"

"ድልድይ አሉ?"

"ምላሽ ያገኛል አሉ። ትልልቆቹ ናቸው ያሉት።"

"ድልድይ አሉ ወይ?"

"ያው ነው እኮ ኤሊ" አለች ብርነሽ። ስልኩ ውስጥ ነፋስ ይሰማል፤ ኤሊ ጉብታው ላይ ቆማ ነው የምታወራው። "እሺ፣ ለኦይታ እነግራለሁ" አለችና ዘጋች።

ታኅሣሥ አለፈ፣ ጥር አለፈ። ጥናት የሚያጠና ሰው አልመጣም። ብርነሽ አቶ ተፈሪ ጋ ደወለች፤ ስልካቸው አይነሣም። በየካቲት ከጂንካ ሌላ ጥሪ መጣላት። የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኞች ስለ ንግግር ጥበብ ሥልጠና ይሰጣቸዋል፤ አሠልጣኙ ከሐዋሳ የመጣ ነው፤ አንቺም ተገኝተሽ ልምድሽን ታካፍያለሽ ተባለች። ደስ አላት። እግረ መንገዷን የድልድዩን ነገር ፊት ለፊት እንደምትጠይቅ አሰበች።

እናቷ ወይዘሮ አለምነሽ በኩራት ነበር የተቀበሏት። "ከተማው ሁሉ ያንቺን ቃል ነው የሚያወራው" አሏት ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ። "ገበያ ስወጣ እንኳ እሰማዋለሁ።"

ምን ማለታቸው እንደሆነ የገባት በማግስቱ ነው። ከቀድሞ የክፍል ጓደኛዋ ከዮዲት ጋር ምሳ ልትበላ ሥጋ ቤት ገባች። አጠገባቸው ያለው ጠረጴዛ ላይ በየቢሮው የሚሠሩ ወንዶች ቢራ ይጠጣሉ። አንዱ የጓደኛውን ጠርሙስ ከፍ አድርጎ አየና፣ ድምፁን እንደታመመ ሰው አለስልሶ፣ "ውሃው ጎደለ ወይ?" አለ። ጠረጴዛው በሳቅ ፈረሰ። አስተናጋጁም እየሳቀ ሌላ ቢራ አመጣ።

የብርነሽ እጅ እንጀራው ላይ እንዳለ ቀረ።

"አትዘኚ" አለቻት ዮዲት እያፈረች። "ክፋት የላቸውም። እንዲያው ተለምዶ ነው። ደመወዝ ሲዘገይም፣ ሰው ሲከሳም እንደዚያ ይባላል። ከየት እንደመጣ እንኳ የማያውቁ አሉ።"

"የሴትዮዋ ቃል እኮ ነው።"

"አውቃለሁ ብርኔ። ብዪ እንጂ ይቀዘቅዛል።"

አሠልጣኙ ሩፋኤል ይባላል፤ ትሑትና ሥራውን የሚወድ ሰው ነው። ብርነሽን ከበር ተቀብሎ ከፊት አስቀመጣት። ከዚያ መብራት አስጠፍቶ ቪዲዮዋን ግድግዳው ላይ አሳየ። ብርነሽ ራሷን አየች፦ ማይኩን ስትይዝ፣ ስትናገር፣ ዝም ስትል። "ውሃው ጎደለ ወይ? ነበር የምትለው" ካለችው ላይ ሲደርስ ቪዲዮው ተቆረጠ።

"ቀልብ መሳብ ማለት ይህ ነው!" አለ ሩፋኤል መብራቱ ሲበራ። "አንደኛ፣ አድማጭ የማያውቀውን ቋንቋ ተጠቀመች። ሁለተኛ፣ ዝምታን አልፈራችም። የዚህን ያህል የተዋጣ መክፈቻ በሥልጠና ሥራዬ ብዙ አልገጠመኝም። የትም ስሄድ ነው የማሳየው። ሲስተር፣ እስቲ ሁለት ቃል በዪን።"

ተጨበጨበላት። ብርነሽ ተነሣች። ልታመሰግን ነበር አሳቧ፤ ግን ሌላ ነገር አፏ ላይ መጣ።

"ከዚያ ቀጥዬ ምን እንዳልኩ የሚያስታውስ ሰው አለ? አዳራሹ ውስጥ የነበራችሁ ትኖራላችሁ።"

ሰዉ ተያየ። አንዱ እጁን አወጣ። "ስለ ሴቶች መብት ይመስለኛል።"

"ቋንቋ ስለማያውቁ ባለሙያዎች አይደል?" አለ ሌላው። "አስተርጓሚ ይቀጠር የሚል።"

ከመስኮቱ አጠገብ የተቀመጠች ትዕግስት የምትባል ሴት ፈገግ አለች። "እኔ በደንብ አስታውሳለሁ። ስለ ውሃ ችግር ነው። ውሃ ጎደለ፣ ሕዝቡ ተጠማ የሚል ነበር። እንዲያውም ያለ ምላሽ አልቀረም ሲስተር! መሥሪያ ቤታችን በእናንተ መንደር ስም የውሃ ሮቶ ገዝቷል፤ ትልቁን። በዚህ ወር ይላክላችኋል።"

እንደገና ተጨበጨበ፤ አሁን ለትዕግስት ነበር። ብርነሽ "ድልድይ ነው" አለች። "ስለ ድልድይ ነው የተናገርኩት።" ጭብጨባው ውስጥ ማን እንደሰማት አይታወቅም። ሩፋኤል ብቻ ሳይሰማት አልቀረም፣ ፊቱ ትንሽ ጠቆረ፤ ሻይ እረፍት ላይ አጠገቧ መጥቶ፣ "ቪዲዮው ሲደርሰኝ እንደዚያው ተቆርጦ ነው፤ ቀሪው መኖሩንም አላወቅኩም" አላት። ልቡ እንዳዘነ ይታይበት ነበር። ከእረፍት በኋላ ግን ሥልጠናው ቀጠለ።

ወደ አቶ ተፈሪ ቢሮ ሄደች። ተቀይረዋል። በቦታቸው የተቀመጡት ሰው በትህትና አስተናገዷት። ድልድይ በእኛ በጀት አይያዝም፣ ሐሳቡን አዘጋጅታችሁ በመስመር ላኩ፣ ለሚመለከተው እንመራዋለን አሏት። ሲሸኟት ደግሞ ትዝ ብሏቸው፣ "ሮቶው ግን ይደርሳችኋል አይደል?" ብለው ጠየቋት።

ሮቶው የደረሰው በመጋቢት መጀመሪያ፣ ወንዙ ገና ደረቅ አሸዋ ሳለ ነው። ጥቁር፣ ቤት የሚያህል ፕላስቲክ። ከመኪናው ጋር የመጡት ሰዎች ከጤና ጣቢያው ፊት ድንጋይ ደልድለው አስቀመጡት፣ ጨርቅ ላይ የተጻፈ መፈክር ዘርግተው ፎቶ አነሡ፣ ከመምሸቱ በፊት ሄዱ። ውስጡ ውሃ አልነበረውም። ከየት ተስቦ እንደሚሞላ የነገራቸውም የለም። ልጆች ድንጋይ ሲወረውሩበት እንደ ከበሮ ይጮሃል።

መንደሩ ወጥቶ ከበበው። ኦይታም መጣ። ዞር ዞር ብሎ አየው፣ በመዳፉ መታው፣ ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ብርነሽን ቀጥ ብሎ እያየ አንድ ነገር ጠየቃት። ብርነሽ ወደ ኤሊ ዞረች።

"ይሄ ነው ወይ ድልድዩ? ይላል።"

"አይደለም በዪው። በስሕተት ነው የመጣው። ሰዎቹ... ቃሉን በሌላ ተረድተውት ነው በዪው።"

ኤሊ አልተረጎመችም። "ይሄን እንዴት ነው የምለው፣ ሲስተር? ሦስት ጊዜ ተናገርሽ፣ በኛ ቋንቋም በእናንተ ቋንቋም ተናገርሽ፣ እነሱ አልሰሙም ልበል?"

"እንደሱ በዪው።"

ኤሊ ነገረችው። ኦይታ ሌላ ነገር ተናግሮ ሄደ። ብርነሽ ምን እንዳለ ጠየቀች። ኤሊ ዓይኗን ከሮቶው ላይ ሳታነሣ፣ "ቱርሚ ሄጄ ነበር ይላል" አለች። "ሻይ ቤት ውስጥ ሰዎች የሚስቴን ቃል እያሉ ሲስቁ ሰማሁ ይላል። አማርኛ አያውቅም፤ ያችን ግን ነግሬዋለሁ። ያኔ ፈቃድ ስትጠይቂው፣ በአማርኛ እንዴት ነው የሚባለው ብሎኝ ነገርኩት።"

በዚያ ዓመት ዝናቡ ቀደም ብሎ መጣ። ብርነሽ ውሃው ከመምጣቱ በፊት ቀናቸው የደረሱ ሴቶችን ቱርሚ ወስዳ በአንድ ቤት ልታቆያቸው ለመነች። ቤት የሚሰጣት አገኘች፤ የሚሄድላት ግን አላገኘች። ፍየሎቹን ማን ይጠብቃል፣ ልጆቹን ማን ያበላል ይሏታል። እውነታቸውን ነው። ግን ያ ብቻ አልነበረም። ለክትትል ይመጡ የነበሩ ሴቶች ቀነሱ። ድሮ ከበሩ ላይ ቆመው ከኤሊ ጋር የሚሳሳቁት አሁን ኤሊን ብቻዋን መንገድ ላይ ጠብቀው ያናግሯትና ይመለሳሉ። ብርነሽ ምክንያቱን ስትጠይቅ ኤሊ "ሥራ በዝቶባቸው ነው" ትላት ነበር። ኤሊ ስትዋሽ ታስታውቃለች።

ሚያዝያ አጋማሽ ላይ አንዲት ወጣት ሴት ምጥ ጠንቶባት አማቷና የአማቷ እህት ደግፈው አመጧት። የመጀመሪያ ልጇ ነው። ወንዙ ከጧት ጀምሮ ሞልቶ ነበር፤ ጩኸቱ እስከ ክፍሉ ድረስ ይሰማል። ብርነሽ አስተኛቻት፣ መረመረቻት፣ ልጁ አቀማመጡ ደህና አልነበረም። የት የት እንደሚያማት፣ ግፊያው መቼ መቼ እንደሚመጣ ማወቅ ፈለገች።

ልጅቷ ጥርሷን ነክሳ ጣሪያውን ታያለች። ምጡ ሲመጣ ሰውነቷ እንደ ቀስት ይደገናል፣ የአንገቷ ሥር ይገተራል፣ ከአፏ ግን ትንፋሽ እንኳ አይወጣም። አማቷ መዳፋቸውን ከንፈሯ ላይ አድርገዋል።

"ኤሊ፣ አፏን ይልቀቋት በያቸው። ትጩህ። የሚያማትን ትንገረኝ፤ ካልነገረችኝ ልረዳት አልችልም።"

ኤሊ ተናገረች። አሮጊቷ ሳይዞሩ መለሱላት። ልጅቷም በእሳቸው መዳፍ ሥር ራሷን ወዘወዘች።

"ምን አሉ?"

"ሲስተር፣ ሥራሽን ሥሪ።"

"ኤሊ፣ ምን አሉ?"

ኤሊ የእጅ ጓንቷን አወለቀችና መልሳ አጠለቀች። "አንቺ ፊት አይናገሩም። ሴቶቹ ሁሉ ተነጋግረዋል። የሚሉትን ከተማ ወስደሽ ትናገሪዋለሽ፤ ከዚያ ሰው ይስቅበታል ይላሉ።"

 ብርነሽ እንዲህ አይደለም እንዳትል፣ እንዲህ ነው። ምጡ እንደገና መጣ። ልጅቷ አልጋውን ጨብጣ ተንቀጠቀጠች፣ እንባዋ በጆሮዋ በኩል ወረደ፣ ድምፅ አላሰማችም። ብርነሽ እጇን ልጅቷ ሆድ ላይ አድርጋ፣ ከቆዳው ሥር የሚሆነውን በጣቶቿ ለመረዳት እየሞከረች፣ ጎንበስ ብላ ቆየች። ክፍሉ ውስጥ ከወንዙ በቀር የሚናገር አልነበረም።